በቀሃ ዳር

ጎንደርን የሚጎበኝ ሰው ዘወትር ከላይ ይጀምራል። በግንቡ በር ይገባል፤ የፋሲልን ሕንፃ፣ የኢያሱን ቤተ መንግሥት፣ የዳዊትን የመዝሙር ቤት ተራ በተራ ያያል፤ አንገቱን ወደ ሰማይ እንዳቀና ይወጣል። ከተማይቱ የተቆረቆረችው ግን በሁለት ወንዞች መካከል በተዘረጋ ከፍታ ላይ ነው፤ በምሥራቅ አንገረብ፣ በምዕራብ ቀሃ። ነገሥታቱ ከፍታውን ሲይዙ የወንዙን ዳር የያዙት ሌሎች ነበሩ። ስለዚህ የጎንደርን ታሪክ ከግርጌው ጀምሮ ለማንበብ የሚሻ መንገደኛ ግንቡን ለጊዜው ወደ ጎን ትቶ ቀሃን ተከትሎ ቢወርድ ይበጀዋል። ውኃውን ተከትሎ ቁልቁል ለሚሄድ ሰው መንገዱ አያደክምም፤ የሚያደክም ነገር ቢኖር ትዝታው ነው።

መነሻው የፋሲል መዋኛ ይሁን። ዐፄ ፋሲል (ከ1624 እስከ 1660 ዓ.ም.) መናገሻቸውን በጎንደር ያጸኑት በ1628 ዓ.ም. ገደማ ነው። መዋኛውን ልማድ ለእርሳቸው ይሰጣል፤ ለልጅ ልጃቸው ለቀዳማዊ ኢያሱ የሚሰጡትም ታሪክ ጸሐፊዎች አሉ። በገንዳው ውስጥ ባለ ሁለት ደርቡ ቤት በድንጋይ ቅስቶች ላይ ቆሟል፤ በዙሪያው አጥር ላይ የዛፎቹ ሥር እንደ ሽማግሌ እጅ ጅማቱን አስፍሮ ድንጋዩን አቅፎ ይዟል። ቅጥሩን የሚያፈርሰውም የሚደግፈውም ያው ሥር መሆኑን ያስተዋለ ጎብኚ ጥቂት ሳይገረም አያልፍም።

ገንዳው የሚሞላው ከቀሃ በተቀደደ ቦይ ነው። አብዛኛውን ዓመት ደርቆ ይከርምና የጥምቀት በዓል ሲቃረብ ውኃው ይለቀቅበታል፤ በጥር 10 ቀን ታቦታቱ በካህናት ዝማሬና በሕዝብ እልልታ ታጅበው ወደዚህ ይወርዳሉ፤ በማግሥቱ ውኃው ይባረካል፤ ወጣቱም ከነልብሱ ይወረወርበታል። በዚያች ዕለት ላይኛው ከተማ ሁሉ ወደ ታችኛው ይመጣል። በቀረው ጊዜ ግን ነገሩ እንዲህ አልነበረም።

ይህን ሁሉ ድንጋይ የጠረበው፣ ኖራውን ያቃጠለው፣ ቅስቱን የቀለሰው ማን ነበር? የየመን ኢማም መልእክተኛ ሐሰን አልሐይሚ በ1640 ዓ.ም. የፋሲልን አደባባይ አይቶ ስለ ግንቡ በአድናቆት ሲጽፍ፣ አናጺው የሕንድ ሰው እንደ ነበር አመልክቷል። የውጭው ባለሙያ ስሙ ባይታወስ እንኳ አገሩ ተጽፎለታል። የአገሬው እጅ ግን ይህንም አላገኘም። ከግንበኞቹና ከአናጢዎቹ መካከል ቤተ እስራኤሎች ነበሩ፤ ማረሻውን፣ ጦሩንና መጥረቢያውን የሚቀጠቅጡት፣ እንስራውንና ምጣዱን የሚሠሩትም እነርሱ ነበሩ። በግንቡ ሥራ የተፈለጉትን ያህል በማዕድ ዙሪያ አልተፈለጉም፤ ብረት የሚያቀልጠው ሰው ቀን ቀጥቃጭ፣ ሌሊት ቡዳ ይባል ነበር።

ፋሲል ባረፉ ጊዜ ልጃቸው ቀዳማዊ ዮሐንስ ነገሡ፤ ታሪክ ጻድቁ ይላቸዋል። በነገሡ ማግሥት፣ በ1660 ዓ.ም. አካባቢ፣ በጎንደር በተደረገው ጉባኤ ሙስሊሞች ከክርስቲያኖች ተለይተው እንዲኖሩ ተወሰነ፤ ቤተ እስራኤሎችም ተለዩ። ውሳኔው ከአሥር ዓመት በኋላ እንደገና መጽናቱ፣ ሕዝቡ ለመለያየት የነገሥታቱን ያህል እንዳልቸኮለ ያመለክት ይሆናል። ያም ሆኖ ከተማይቱ በሰፈር ተከፋፈለች፤ የጳጳሱ ሰፈር አቡን ቤት፣ የእጨጌው ሰፈር እጨጌ ቤት፣ የቤተ እስራኤሎች ካይላ ሜዳ፣ የሙስሊሞች እስላም ቤት፣ ኋላም አዲስ ዓለም። የወንዙ ዳር የደረሰው ለመጨረሻዎቹ ነው።

መንገደኛው ከመዋኛው ወደ ታች ሲወርድ በምዕራብ ከቀሃ ማዶ በኮረብታው ላይ የምንትዋብን ቍስቋም ያያል። እስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1762 ዓ.ም. ጎንደር ከደረሰ በኋላ ተቀምጦበታል። ብሩስ ብዙ አጋንኗል፤ በዚህ ጉዳይ ግን ዓይኑ የሚታመን ይመስላል። በሰላም ጊዜ በጎንደር ወደ አሥር ሺህ ቤተሰብ እንደሚኖር ከገመተ በኋላ፣ ከቀሃ ማዶ ከከተማይቱ ፊት ለፊት አንድ ሺህ ያህል ቤት ያለው የሙስሊሞች ከተማ እንዳለ፣ ነዋሪዎቹም ትጉሃን እንደሆኑ ይጽፋል። ከእነርሱ ብዙዎቹ ንጉሡና መኳንንቱ ሲዘምቱ ድንኳኑንና ጓዙን የሚጠብቁ ነበሩ። ይህ ቃል ጥቂት ሊታሰብበት ይገባል። በሰላም ጊዜ ከንጉሡ ጎን እንዳይኖር የተከለከለው ሰው፣ በዘመቻ ጊዜ የንጉሡ ድንኳን በእጁ ነበር ማለት ነው።

ርስት የተነፈገው የወንዝ ዳር ሰው ኑሮውን ያገኘው በንግድና በሸማ ሥራ ነበር። ወደ ምፅዋና ወደ መተማ የሚወስዱትን መንገዶች የሚያውቀው ጀበርቲው ነጋዴ ነው፤ ወርቁ፣ ዝባዱ፣ የዝሆን ጥርሱ በእርሱ ግመልና በቅሎ ይጓዝ ነበር፤ ባሪያም ጭምር፣ ይህ ሊደበቅ አይገባም። ከመኳንንቱ ትከሻ ላይ የሚወርደውን ጥበብ የሠራው ሸማኔ ግን ቁጢት በጣሽ ከመባል አልዳነም። ባለ እጅን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ በዐፄ ምኒልክ የወጣው በ1900 ዓ.ም. ነው፤ ከዮሐንስ ጉባኤ 240 ዓመት ያህል ዘግይቶ።

በ1859 ዓ.ም. ቴዎድሮስ ጎንደርን አቃጠሉ፤ በ1880 ዓ.ም. ድርቡሾች አቃጠሏት። ድንጋዩ ቆሰለ እንጂ ቆመ፤ የሣር ክዳኑ ጎጆ ግን በአንድ ቀን አመድ ሆነ። በ1972 ዓ.ም. የጎንደር ሕንፃዎች በዓለም ቅርስነት ሲመዘገቡ ግንቡ፣ መዋኛው፣ ቍስቋምና ደብረ ብርሃን ሥላሴ በመዝገቡ ሰፈሩ። አዲስ ዓለምና ካይላ ሜዳ አልሰፈሩም፤ እንዲህ ያለው መዝገብ የሚቆጥረው የቆመውን ነውና። በጎንደር ዙሪያ ይኖሩ ከነበሩት ቤተ እስራኤሎች አብዛኞቹ በ1977 እና በ1983 ዓ.ም. በተደረጉት ታላላቅ ጉዞዎችና ከዚያ ወዲህ ወደ እስራኤል ሄደዋል፤ ከከተማይቱ በስተሰሜን ባለችው ወለቃ የሸክላ ሥራቸው አሻራ ቀርቷል።

አዲስ ዓለም ግን ከነመስጊዱ፣ ከነሸማኔው፣ ከነነጋዴው ስሙን ይዞ ዘልቋል። ከላይኛው ከተማ የሚወርደው እጣቢ የሚያልፈው ዛሬም በታችኛው ሰው ደጅ ነው፤ ልብስ አጣቢዎቹ ጥሩውን ውኃ ለማግኘት ማልደው ይወርዳሉ። ከዚያ በታች ቀሃና አንገረብ ይገናኙና ስማቸውን ለመገጭ ትተው ወደ ጣና ይጓዛሉ።