ጥቁሩ መስኮትና የጭሮ ስልክ

ስንሰባሰብ የምናወራው ስለ ካፌ ወረፋና ስለ ዶርም ነው። እኔ ዘንድሮ ስለ ኤፍቲፒ ልጻፍ፤ ታሪኩ ከእኛ ዕድሜ ጋር ይያያዛልና።

ፋይል ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር የሚተላለፍበትን ይህን ደንብ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 1971 መጀመሪያ በጽሑፍ ያቀረበው በኤምአይቲ የነበረው ሕንዳዊ አብሃይ ቡሻን ነው። ዛሬም የሚሠራበት መልኩ በ1985 ወጣ። ኢንተርኔት በ1997 (1989 ዓ.ም.) አገራችን ሲገባ ኤፍቲፒ የ26 ዓመት ጎልማሳ ነበር።

እኔ የተዋወቅሁት ጭሮ ነው፤ ያኔ ብዙዎቻችን አሰበ ተፈሪ ነበር የምንላት። አንዲት የክፍል ጓደኛዬ ለማስተርስ ጥናቷ በበዴሳ፣ በገለምሶና በሚኤሶ ገበሬ ለገበሬ ዞራ የማሽላ መረጃ ሰበሰበች። ወደ አማካሪዋ የመላኩን ሥራ እኔ ተቀበልኩ። አንድ ሜጋባይት የሆነ ዚፕ ፋይል ነው፤ በ28.8 ኪሎቢት ሞደም፣ መስመሩ ካልተቆረጠ፣ አምስት ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። ግን ይቆረጣል! ሲቆረጥ ደግሞ እንደገና ከአንድ።

ጥቁሩን መስኮት ከፍቼ፣ የሰርቨሩን ስም፣ መለያዬንና የይለፍ ቃሌን ጻፍኩ፤ «ፑት» አልኩ። በሦስተኛው ሙከራ አለቀ። በደስታ ሻይ ጋበዝኳት።

በማግስቱ ደወለች፦ «አንተ፣ ፋይሉ አልከፈት አለ እኮ! ማስረከቢያው ዓርብ ነው።»

ጥፋቱ የእኔው ነበር። ኤፍቲፒ ካልነገሩት ሁሉንም እንደ ጽሑፍ ነው የሚያየው። የዊንዶውስና የዩኒክስ የመስመር መጨረሻ ምልክት ስለሚለያይ በመንገድ ላይ «ያስተካክለዋል»። ለደብዳቤ ይጠቅማል፤ ለዚፕ ግን ሞት ነው፣ ከውስጡ ባይቶች ይጎድላሉ። «ባይናሪ» የምትለዋን አንዲት ቃል ረስቻለሁ። «ዲር» ብዬ መጠኑን ባመሳክር ኖሮ ማነሱን ያኔውኑ አይ ነበር።

ሐሙስ ማታ ፋይሉን አራት ቦታ ከፋፍለን፣ እያንዳንዱን በባይናሪ ላክን። እሷ የባይቶቹን ቁጥር ጮክ ብላ ታነባለች፤ እኔ ከስክሪኑ ጋር አመሳክራለሁ። ሦስተኛው ቁራጭ ሁለቴ ተቆረጠ። ከእኩለ ሌሊት በኋላ አራቱም ልክ መጡ።

ኤፍቲፒ የይለፍ ቃልን ሳይደብቅ ስለሚልክ አሁን ኤስኤፍቲፒ ተክቶታል፤ በ2021 ክሮምና ፋየርፎክስም አስወጡት። ኤስኤፍቲፒ ግን ያንኑ «ፑት» እና «ጌት» ይዟል። ባለፈው የልጄ ላፕቶፕ ላይ ስጽፈው «አባ፣ ይሄ ቫይረስ ነው?» አለችኝ።