ሞካ የተባለው ቡናችን፤ በቴምዝ ዳርቻ አንድ ከሰዓት

ለንደን ብዙ ዓመት ኖረንባት እንኳ የማናውቃት ከተማ ናት። አውቶቡስ ከቤት ወደ ሥራ፣ ከሥራ ወደ ቤት ያመላልሰናል፤ ወንዙን በመስኮት አይተን እናልፋለን። ባለፈው እሑድ ግን ታወር ሂል ጣቢያ ወርጄ፣ ቀስ እያልኩ ቴምዝን ተከትዬ በእግሬ ሄድኩ።

መጀመሪያ የደረስኩት ቅድስት ካትሪን ወደብ ነው። ዛሬ የመዝናኛ ጀልባዎች የሚቆሙበት ጸጥ ያለ ሥፍራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1828 የተከፈተው ይህ ወደብ ሲሠራ ግን ከ11 ሺህ በላይ ሰዎች፣ አብዛኞቹ ድሆች፣ ከቤታቸው ተነቅለዋል። መካከሉ ላይ የቆመው ባለ ሰዓት ሕንፃ ደግሞ እስከ ዛሬ «የዝሆን ጥርስ ቤት» ይባላል። በውስጡ ምን ይከማች እንደነበር ስሙ ይናገራል።

ከዚያ ታወር ብሪጅን ተሻግሬ ሻድ ቴምዝ ወደተባለችው ጠባብ መንገድ ገባሁ። ግራና ቀኙ የጡብ መጋዘን ነው። ከራስ በላይ፣ ዕቃ ከመጋዘን ወደ መጋዘን ይተላለፍባቸው የነበሩ የብረት ድልድዮች ተዘርግተዋል። ሻይ፣ ቡናና ቅመማ ቅመም የሚራገፈው እዚህ ነበር። በ1972 ሥራው ቆመ፤ መጋዘኖቹም ውድ መኖሪያና ምግብ ቤት ሆኑ። ሕንፃዎቹ ግን የድሮውን ንግድ በስማቸው ይዘውታል፤ አንዱ ቀረፋ፣ ሌላው ጃቫ ይባላል። ሐረር ወይም ከፋ የሚል ግን እኔ አላየሁም።

ጃቫ በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ቡናን ያገኘችው በሆላንዶች በኩል፣ ከየመን በወጣ ዘር ነው። የዘሩ ጥንተ መገኛ ደግሞ የእኛው ጫካ ነው። ለንደን በ1652 የመጀመሪያውን ቡና ቤቷን ስትከፍት አውሮፓ ቡናን የሚያውቀው በየመኑ ወደብ በሞካ ነበር። በኋላም የሐረር ቡና ራሱ በዓለም ገበያ «ሞካ» እየተባለ ተሽጧል። ስሙን የሰጠው ያበቀለው ገበሬ ሳይሆን በመርከብ የጫነው ወደብ ነው።

ነገሩ ያለፈ ታሪክ ብቻ አይደለም። ኢትዮጵያ በ2005 ሐረር፣ ሲዳሞና ይርጋ ጨፌ የሚሉትን ስሞች በአሜሪካ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ ስትነሳ ክርክር ገጠማት። ከስታርባክስ ጋር የተስማማችው በ2007 ነው። የራስን ስም ለማስከበርም ጠበቃ ያስፈልጋል ማለት ነው።

ለዚህ ግን እኛም ከተጠያቂነት አንድንም። የታሪክ ጽሑፋችን በነገሥታትና በጦርነት የተሞላ ነው። በቅሎውን ጭኖ በረሃ ያቋርጥ የነበረው ሲራራ ነጋዴ፣ የጀበርቲው ነጋዴ፣ የምጽዋና የዘይላ ደላላ በታሪካችን ውስጥ ስንት ገጽ አላቸው? እንግሊዞች ያላበቀሉትን ቀረፋ በግድግዳቸው ላይ ጽፈው አኖሩት። እኛ ያበቀልነውን ማን ይጻፍልን?

«ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ፣ አለዚያ ድንጋይ ነው ብለው ይጥሉሃል» ይላል ያገራችን ሰው። የየመንደሩን ነጋዴ ታሪክ ከሽማግሌዎቻችን አፍ ለመሰብሰብ ጊዜው ሳይመሽ እንጀምር።