«ጥቁር» የምትለው ቃል በኛና በዐረቦች ዘንድ

በጋይንት፣ በስማዳም ሆነ በእስቴ ገበያ ለጥቂት ጊዜ የቆመ ሰው «ጥቁር» የምትለዋን ቃል ከብዙ አፍ ይሰማታል። ጥቁር ገብስ፣ ጥቁር አዝሙድ፣ ጥቁር በግ፣ ጥቁር አፈር ይባላል። ገበሬው ጥቁር አፈር ሲል በክረምት የሚጨቀየውን፣ በበጋ የሚሰነጣጠቀውን፣ ውሃ የሚይዘውን መሬቱን ማለቱ ነው። ይህችው ቃል «ቀን» ከሚለው ፊት ስትቆም መከራ ትሆናለች፤ «እንግዳ» ከሚለው ፊት ስትቆም ግን ክብር ትሆናለች። ጥቁር እንግዳ የምንለው መልኩ የጠቆረውን ሳይሆን ከዚያ በፊት አይተነው የማናውቀውን፣ ስለዚህም ከቤተኛው ይልቅ የምንጠነቀቅለትን ሰው ነው። ጥቁር ገበያ የሚባለው ደግሞ ከውጭ ቋንቋ ተተርጉሞ የገባ ስለሆነ የአገራችን ገበሬ ጥፋት የለበትም።

ነገሩ ስለ ገብስና ስለ አፈር ብቻ ቢሆን ኖሮ ብዙ ባላስጻፈ ነበር። ነገር ግን ይህች ቃል በሰው ላይ ስትነገር የታጨች ልጅ ታስቀራለች፣ በትምህርት ቤት ሕፃን ታስለቅሳለች፣ አንዳንድ ጊዜም ባልን በሚስቱ ላይ ታስጠረጥራለች። በሙስሊም ቤት ውስጥ እንዲህ ከሆነ ደግሞ ነገሩ የዲን ጉዳይ ነው። ስለዚህ ቃሏ በዐረቦች ዘንድ ምን እንደነበረች፣ ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ.) በምን አኳኋን እንዳስተማሩባት ማየት ይገባል።

በመጀመሪያ የቀለም ስም ሁሉ ቀለም ማለት እንዳይደለ እንወቅ። በሱረቱል በቀራ ቁጥር 187 ጾመኛ እስከ መቼ እንደሚበላ ሲነገር ነጩ ክር ከጥቁሩ ክር እስኪለይ ድረስ የሚል ትእዛዝ መጥቷል። ዐዲይ ኢብኑ ሐቲም የተባሉት ሰሐባ ይህን ቃል በቃል ይዘው አንድ ጥቁርና አንድ ነጭ ገመድ ከትራሳቸው ሥር አኖሩ፤ ሌሊቱን እየተነሡ ቢያዩም አልለይላቸው አለ። በነጋታው ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ቢነግሯቸው የተፈለገው የሌሊቱ ጥቁረትና የቀኑ ብርሃን መሆኑን አስረዷቸው። ዐዲይ የታወቁ ዐረብ፣ የዐረብ ታላቅ ልጅ ነበሩ፤ ቋንቋው የገዛ ቋንቋቸው ነው። እንግዲህ ትርጉም አንብበው ብቻ ፈትዋ የሚሰጡ ወጣቶቻችን ይህን ሐዲሥ ደጋግመው ቢያዩት መልካም ነው።

በሱረቱ ነሕል ቁጥር 58 ደግሞ በጃሂሊያ ዘመን ሴት ልጅ እንደተወለደችለት የተነገረው ሰው ፊቱ እንደሚጠቁር ተነግሯል። ይህን ለማስተማር ለኛ ተማሪዎች ማብራሪያ አያሻም፤ እኛም ስንቆጣና ስናዝን ፊቱን አጠቆረ እንላለን። በሱረቱ ኣሊ ዒምራን ቁጥር 106 በመጨረሻው ቀን የሚነጡና የሚጠቁሩ ፊቶች የተነገሩትም ስለ ቆዳ አይደለም፤ ስለ እምነትና ስለ ክህደት ነው። በዚህ ዓለም ነጭ የነበረ ፊት በዚያ ቀን ሊጠቁር፣ በዚህ ዓለም ጥቁር የነበረም ሊበራ ይችላል። ይህን አንቀጽ በሰው መልክ ላይ የሚያሳብብ ቢገኝ ተፍሲሩን አልተማረም ማለት ነው።

ዐረቦች ሁለቱ ጥቁሮች ብለው የሚጠሩት ምግብም ነበራቸው። እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) በነቢዩ ቤት ወራት እሳት ሳይነድ ያልፍ እንደነበርና በሁለቱ ጥቁሮች ይኖሩ እንደነበር ተናግረዋል። እነዚህም ተምርና ውሃ ናቸው። ውሃ ጥቁር ሆኖ አይደለም፤ ዐረብ ሁለት ነገሮችን በአንደኛው ስም አጣምሮ የመጥራት ልማድ ስላለው ነው። ስለ ጥቁር አዝሙድም በቡኻሪና በሙስሊም የተዘገበውን፣ ከሞት በቀር ለበሽታ ሁሉ መድኃኒት መሆኑን የሚናገረውን ሐዲሥ የማያውቅ ቤተሰብ ያለ አይመስለኝም። (ይህን ይዞ የታመመ ልጅን ጤና ጣቢያ አለመውሰድ ግን ከሐዲሡ የመጣ አይደለም፤ በመድኃኒት እንድንታከም ያዘዙንም ራሳቸው ነቢዩ ናቸው።)

አሁን ወደ ሰው መልክ እንምጣ። በአማርኛችን ቀይ ሰው ስንል እንደ በርበሬ የቀላ ማለታችን አይደለም፤ ፈካ ያለ መልክ ያለውን ነው። ከዚያ ጠይም፣ ከዚያ ጥቁር ይከተላል። የሚያስደንቀው የጥንት ዐረቦችም አነጋገር እንዲሁ መሆኑ ነው፤ ፈካ ያለውን ሰው አሕመር፣ ማለትም ቀይ ይሉት ነበር። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በ10ኛው ዓመተ ሂጅራ በመሰናበቻው ሐጅ ላይ ባደረጉት ኹጥባ፣ ኢማም አሕመድ እንደዘገቡት፣ በተቅዋ ካልሆነ በቀር ቀይ በጥቁር፣ ጥቁርም በቀይ ላይ ብልጫ እንደሌለው ሲያስታውቁ የተጠቀሙት ይህንኑ ቃል ነው። የሌላ አገር ተርጓሚ «ቀይ ማለት ነጭ ማለት ነው» ብሎ ከሥሩ መጻፍ ይኖርበታል። የጋይንት እናት ግን ሳይፈቱላት ይገባታል፤ እሷም ልጆቿን ቀዩ፣ ጥቁሩ እያለች ነው የምትጠራው።

ቡኻሪና ሙስሊም የዘገቡት አንድ ሐዲሥ ደግሞ ለከብት አርቢ አገር የተነገረ ይመስላል። ከፈዛራ ጎሣ የሆነ አንድ ሰው ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መጥቶ ሚስቱ ጥቁር ወንድ ልጅ እንደወለደች ነገራቸው። ልጁ የኔ አይደለም ለማለት አዝማሚያ ነበረው። ነቢዩ አልተቆጡትም፤ ግመሎች እንዳሉት ጠየቁት። አሉኝ አለ። መልካቸውን ቢጠይቁት ቀዮች መሆናቸውን ነገራቸው። ከመካከላቸው ዳለቻ ይኖር እንደሆነ ጠየቁት፤ አለ ብሎ መለሰ። ታዲያ ያ ከየት መጣ ቢሉት፣ ምናልባት ከቀድሞ ዘሩ የሳበው ይሆናል አላቸው። ያንተም ልጅ እንዲሁ ከቀድሞ ዘሩ የሳበው ይሆናል ብለው አሰናበቱት፤ ልጁን እንዲክድም አልፈቀዱለትም።

ውድ አንባቢያን፣ ይህን ነገር በአገራችን አስቡት። የኛ ገበሬ ቀይ ላሙ ዳለቻ ጥጃ ስትወልድ፣ ከጥቁር በሬና ከነጭ ላም ቡሬ ሲገኝ አይገርመውም። የላሚቱን እናትና ቅድመ አያት ያውቃልና «በአያቷ ወጣች» ይላል። በገዛ ልጁ ላይ ሲሆን ግን ይህን ዕውቀቱን ይረሳዋል። ጎረቤት «ይህ ልጅ በማን ወጣ?» ብሎ ሲስቅ የሚጨልምበት ባል አለ። በእንዲህ ያለ ቀልድ የተነሣ ሽማግሌ ተቀምጦ ሲዳኝ ያየ ሰው፣ ነቢዩ ሰውየውን ወደ ግመሎቹ የመለሱበትን ምክንያት ይረዳል።

ነገሩ በነቢዩ በራሳቸው ወዳጆች ላይም ደርሷል። ዘይድ ኢብኑ ሓሪሣ መልካቸው ፈካ ያለ ሲሆን ልጃቸው ኡሳማ ጥቁር ነበሩ፤ እናታቸው ኡሙ አይመን ሐበሻ ናቸውና። ሰዎች በዘራቸው ይናገሩ ነበር። አንድ ቀን አባትና ልጅ ተሸፋፍነው እግሮቻቸው ብቻ ተገልጠው ተኝተው ሳለ፣ ሙጀዚዝ የተባለ የዘር ምልክት አዋቂ ሲያልፍ አያቸውና እነዚህ እግሮች አንዱ ከሌላው ናቸው አለ። ነቢዩ በዚህ በጣም ተደስተው፣ ፊታቸው እያበራ ወደ ዓኢሻ ዘንድ ገቡ። ይህን ያህል የተደሰቱት ወሬው ይጎዳቸው ስለነበረ ነው።

አቡ ዘር (ረ.ዐ.) አንድን ሰው በእናቱ ሲሰድቡ ነቢዩ ጃሂሊያ ያለብህ ሰው ነህ ብለው እንደገሠጿቸውም የታወቀ ነው። በቡኻሪ ዘገባ የተሰዳቢው ስም አልተጠቀሰም፤ ቢላል (ረ.ዐ.) እንደሆኑ የሚነገረው ከሌላ መንገድ ነው። በኛ አገር ጥቁር ከሚለው ስድብ የከፋው ባሪያ የሚለው ነው። ባርነት በኢትዮጵያ በአዋጅ የተሻረው በ1934 ዓ.ም. ነው፤ ስድቡ ግን አልተሻረም። እውነቱን ለመናገር፣ ከጎንደር በመተማ ወደ ሱዳን ሲሄድ በነበረው ንግድ ውስጥ ከወርቅ፣ ከቡናና ከዝባድ ጋር ሰውን የነዱ የኛው ሙስሊም ነጋዴዎችም ነበሩበት። ስለ ቢላል ስናወሳ የምንኮራውን ያህል ይህንንም ማስታወስ ተገቢ ነው።

ዑለማኦቹም ዝም አላሉም። በበስራ የኖረውና በ255 ዓመተ ሂጅራ የሞተው አል-ጃሒዝ ጥቁሮች በነጮች ላይ ስላላቸው ኩራት አንድ ድርሳን ጽፏል። የባግዳዱ ኢብኑል ጀውዚ (በ597 የሞቱት) ስለ ጥቁሮችና ስለ ሐበሾች ትሩፋት፣ የካይሮው ሱዩጢም (በ911 የሞቱት) የሐበሾችን ደረጃ ከፍ ስለማድረግ መጻሕፍት አዘጋጅተዋል። እነዚህ ሊቃውንት የጻፉት በዘመናቸው የሚሰድብ ስለነበረ ነው፤ ማንም ያልነካውን ሰው ጠበቃ አይቆምለትም።

ስማዳንና እስቴን ከጎጃም የሚለየውን ታላቅ ወንዝ ሳልጠቅስ ማለፍ አልፈልግም። በአማርኛ ጥቁር ዓባይ የምንለውን ዐረቦች አን-ኒል አል-አዝረቅ ይሉታል፤ አዝረቅ በመጽሐፍ ዐረብኛ ሰማያዊ ነው። በሱዳን ሰዎች አነጋገር ግን አዝረቅ የሚባለው የጠቆረውም ነው፤ ጥቁር ሰውን ሳይቀር እንዲህ ይሉታል። እ.ኤ.አ. በ1504 የተመሠረተው የሰናር ሱልጣኔት አስ-ሰልጠነቱ ዘርቃእ የተባለውም ሰማያዊ ሆኖ አይደለም፤ ብዙዎች ጥቁሩ ሱልጣኔት ብለው ይተረጉሙታል። ስለዚህ እኛና ሱዳኖች በወንዙ ስም አልተለያየንም፤ ያራራቀን መዝገበ ቃላቱ ነው።

ጥቁር ዶሮና ጥቁር በግ ደግሞ ሌላ መዘዝ አላቸው። ጠንቋይ ዘንድ የሄደ ሰው የሚታዘዘው ጥቁር ወይም ገብስማ ዶሮ ነው፤ ገበያ ላይ ዋጋው የሚወደደውም በዚህ ነው። ይህ ሽርክ ስለመሆኑ ብዙ ተጽፏልና አላስረዝመውም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ለኡድሒያ ያረዱት ነጭና ጥቁር የተቀላቀለባቸውን ሁለት ሙክቶች ነበር፤ ነገር ግን የእንስሳው መልክ መስፈርት አልሆነም።

በመጨረሻ ስለ ልብስ። በኛ አካባቢ ጥቁር ልብስ የሐዘን ልብስ ነው፤ ሙስሊሞችም ከጎረቤት ወርሰን ሟች ባለብን ጊዜ ዓመት ሙሉ የምንለብስ አለን። ልጃገረዶቻችን ከዐረብ አገር የመጣውን ጥቁር ዐባያ መልበስ ሲጀምሩ በየገበያው «ማን ሞቶባት ነው?» መባሉም ከዚህ የተነሣ ነው። በሸሪዓ ሴት ለባሏ አራት ወር ከዐሥር ቀን፣ ለሌላው ዘመድ ግን ከሦስት ቀን አታሳልፍም፤ ጥቁር ልበሺ የሚል ትእዛዝም የለም። የነቢዩ ባለቤት ኡሙ ሐቢባ አባታቸው አቡ ሱፍያን በሞቱ በሦስተኛው ቀን ሽቶ አስመጥተው ተቀብተዋል፤ ሽቶውን ሽተው ሳይሆን ሕጉን ለማሳየት እንደሆነም ተናግረዋል። ነቢዩም መካን በከፈቱበት ቀን፣ በዚያ የድል ቀን፣ ጥቁር ጥምጣም አድርገው ነበር የገቡት።

ኻሊድ ኢብኑ ሰዒድ የተባሉት ሰሐባ ወደ ሐበሻ ከተሰደዱት ነበሩ፤ ኡሙ ኻሊድ የምትባል ልጃቸውም የተወለደችው እዚሁ በሐበሻ ምድር ነው። ወደ መዲና ከተመለሱ በኋላ ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ልብሶች መጡላቸው፤ ከነሱም ውስጥ ትንሽ ጥቁር ጥለት ያለው ኩታ ነበረበት። ይህን ማንን እናልብሰው ብለው ጠየቁ። ሰዎቹ ዝም ሲሉ ኡሙ ኻሊድን አስመጡ፤ በሰው ታዝላ መጣች። በገዛ እጃቸው አለበሷት፣ ለብሳ እስክትጨርሰው እንድትኖርም ዱዓእ አደረጉላት። ከዚያም የጥለቱን ጌጥ እያሳዩ፣ ሕፃኗ በምታውቀው በሐበሻ ቋንቋ «ሰናህ» አሏት፤ ያማረ ነው ማለት ነው። ቡኻሪ ይህን ሲዘግቡ ቃሉ የሐበሻ መሆኑን ጨምረዋል። በግእዝ ሠናይ የምንለው ነው።