«ፕሮቴክቶሬት»፦ የቃሉ ትርጉም፣ ምንጩ እና የውጫሌ ውል አንቀጽ 17

«ፕሮቴክቶሬት» በዛሬው የዲፕሎማሲ ሥራ እምብዛም የማያጋጥም፣ በታሪክ ሰነዶች ውስጥ ግን ተደጋግሞ የሚገኝ ቃል ነው። አንድ አገር የራሱን ገዥና የውስጥ አስተዳደሩን እንደያዘ፣ የውጭ ግንኙነቱ በሌላ መንግሥት እጅ የሚወድቅበትን ሁኔታ ያመለክታል። በአማርኛ «ጥገኛ ግዛት» ይባላል።

ቃሉ የተገኘው «ከፊት ሆኖ መከለል» የሚል ፍቺ ካለው የላቲን ግሥ ነው። ስያሜው ጥበቃን ቢያመለክትም፣ በተግባር የሉዓላዊነት መገደብ ማለት ነበር።

ቃሉ በአገራችን ታሪክ የሚነሣው ከውጫሌ ውል ጋር ተያይዞ ነው። ውሉ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በአምባሰል፣ ውጫሌ አካባቢ በምትገኘው ይስማ ንጉሥ፣ በዳግማዊ አፄ ምኒልክና በኢጣሊያ መልእክተኛ በኮንት ፒዬትሮ አንቶኔሊ መካከል ተፈረመ። 20 አንቀጾች ያሉት ሲሆን፣ በአማርኛና በጣሊያንኛ ተዘጋጅቷል። በአንቀጽ 19 መሠረትም ሁለቱም ቅጂዎች እኩል ተቀባይነት ነበራቸው።

በአንቀጽ 17 ውስጥ «ፕሮቴክቶሬት» የሚል ቃል አልተጻፈም። ልዩነቱ ያረፈው በአንድ ግሥ ላይ ነው። የአማርኛው ቅጂ ንጉሠ ነገሥቱ ከአውሮፓ መንግሥታት ጋር በኢጣሊያ በኩል መላላክ «ይቻላቸዋል» ሲል ምርጫ ይሰጣል። የጣሊያንኛው ግን በዚያው መንገድ ለመጠቀም «ተስማምተዋል» የሚል ፍቺ አለው። ኢጣሊያ ይህን እንደ ግዴታ በመቁጠር፣ በጥቅምት 1882 ዓ.ም. የበርሊኑን አጠቃላይ ስምምነት አንቀጽ 34 ጠቅሳ ለኃያላን መንግሥታት አስታወቀች። ንጉሠ ነገሥቱ ትርጓሜውን አልተቀበሉም፤ በየካቲት 1885 ዓ.ም. ውሉን ማፍረሳቸውን አስታወቁ። ከዓድዋ ድል በኋላ በጥቅምት 1889 ዓ.ም. የተፈረመው የአዲስ አበባ ውል የውጫሌን ውል ሽሮ የኢትዮጵያን ሙሉ ነጻነት አረጋገጠ።

ዛሬ በሁለት ቋንቋ የጸደቁ ውሎች የሚተረጎሙበት ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ1969 በወጣው የቪየና የውል ሕግ ስምምነት አንቀጽ 33 ተደንግጓል። በመርህ ደረጃ ሁለቱም ቅጂዎች እኩል ሥልጣን አላቸው።

ክቡራን ተገልጋዮች፣ ለውጭ አገር የምታዘጋጁትን የሥራ ውል፣ የውክልና ሥልጣን ወይም ሌላ ሰነድ ከመፈረማችሁ በፊት ትርጉሙን ከዋናው ቅጂ ጋር አስተያዩ። በተለይ «ይችላል»፣ «ይገባዋል» እና «ተስማምቷል» የሚሉት ቃላት በሁለቱም ቋንቋዎች አንድ ዓይነት ፍቺ መያዛቸውን አረጋግጡ።