በሆሳዕና መንገድ የተጀመረው የነርቭ ጥናት

በቡታጅራ በኩል ወደ ሆሳዕና የሚጓዝ መሐንዲስ ዓይኑ የሚያርፈው በድልድዩና በውሃ ማፋሰሻው ላይ ነው። በዚያው መንገድ ዳር፣ በመስቃንና ማረቆ ገጠር፣ ሌላ ዓይነት መሠረትም ተጥሏል።

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው የነርቭ ሐኪም ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖት ከስዊድኑ የኡሜዮ ዩኒቨርሲቲ ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው እ.ኤ.አ. ከ1986 እስከ 1988 ቤት ለቤት 60,820 ሰዎችን አስጠኑ፤ 316ቱ የሚጥል በሽታ ነበረባቸው። ዘመናዊ መድኃኒት ያገኙት እጅግ ጥቂቶች ሲሆኑ፣ ብዙው ሕዝብ የሚያውቀው ርዳታ የክብሪት ጭስ ማሽተት ነበር።

በዚያው ዘመን የቡታጅራው የገጠር ጤና ፕሮግራም ሳሬክ ከተባለው የስዊድን የምርምር ትብብር ድርጅት ገንዘብ ያገኝ ነበር። እኔ ግን ከገንዘቡ ይልቅ አሠራሩን አደንቃለሁ፤ ተመራማሪው መረጃውን ከአገሩ መንደር ሰብስቦ፣ በኡሜዮ ከአስተማሪዎቹ ጋር መርምሮ፣ ወደ ሥራው ይመለስ ነበር። የሥነ አእምሮ ሐኪሙ ዶክተር አታላይ ዓለምም እ.ኤ.አ. በ1997 በኡሜዮ ያቀረቡት የዶክትሬት ጥናት መነሻው የቡታጅራ ሕዝብ ነው።

በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የነርቭ ሐኪሞች ልዩ ሥልጠና የተከፈተው ግን እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። መሠረቱ ተቆፍሮ 20 ዓመት ምሰሶ ያልቆመለት ድልድይ ቢኖር፣ እኛ መሐንዲሶች ምን እንባል ነበር?

ዛሬ በሆሳዕና ዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ በንግሥት እሌኒ መሐመድ መታሰቢያ ሆስፒታል ሐኪሞችን ያሠለጥናል። ከእነዚህ ወጣቶች አንዱ የሐዲያንና የከምባታን ቀበሌዎች ቤት ለቤት ላጥና ብሎ ቢነሣ፣ አብሮት ጭቃውን የሚረግጠው መምህር ማን ይሆን?