ግልግል

ግልግል የሚለው ቃል «ገላገለ» ከሚለው ግስ የተወለደ ሲሆን፣ ገላገለ ማለት የተያያዙ ጠበኞችን ለያየ ማለት ነው፤ ዳሩ ግን ምጥ የያዛት እናት በሰላም ስትወልድ «ተገላገለች» እንላታለንና፣ በቃሉ ውስጥ ከመለየት ይልቅ ከጭንቅ የመዳን ምስጢር ይበልጥ ይሰማኛል። ሕግ «የግልግል ዳኛ» ሲል ተከራካሪዎቹ ወድደው የመረጡትን፣ ብያኔውም እንደ ፍርድ የሚያስገድደውን ሰው ያመለክታል፤ ስለዚህ የማግባባት ሥልጣን ብቻ ካለው አስታራቂ ፈጽሞ ይለያል።

ይህ በግልግል ከጭንቅ የመዳን ጸጋ ግን መንግሥት ገዢ ከሆነበት የአቅርቦት ውል ሲደርስ ይሰናከላል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የአቅርቦትን ውል በአስተዳደር ውሎች ሥር ሲያኖረው፣ በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ በቁጥር 315 የአስተዳደር ውል በግልግል እንዳይታይ ከለከለ፤ ስለ ግልግል የወጣው አዋጅ ቁጥር 1237/2013ም ሌላ ሕግ የፈቀደውን ብቻ ለይቶ ክልከላውን አጸና። እንግዲህ ለመንግሥት መድኃኒት ወይም የጽሕፈት ዕቃ ያቀረበ ነጋዴ፣ በውሉ ውስጥ የግልግል አንቀጽ ተጽፎለት ሳለ እንኳ፣ ክርክሩ ወደ ግልግል ይመራለት ዘንድ ፍርድ ቤትን ሲለምን፣ ዳኛው አስቀድሞ ውሉ የአስተዳደር ውል መሆን አለመሆኑን፣ ከሆነም የሚፈቅድ ሕግ መኖሩን ይመረምራል። የሕዝብ ገንዘብ በአደባባይ ችሎት እንዲታይ መፈለጉ ተገቢ መሆኑን አልክድም፤ ነገር ግን በገዛ ፊርማው ግልግልን የተቀበለ መሥሪያ ቤት ኋላ ክልከላውን መሸሸጊያ ሲያደርገው፣ ምጡ በነጋዴው ላይ ይረዝማል።