የማኘኪያ ጡንቻና የማዮሲን ታሪክ

ጀርመናዊው ሊቅ ቪሊ ኩነ ከእንቁራሪት ጡንቻ ጨምቆ ላወጣው ፕሮቲን «ማዮሲን» የሚል ስም የሰጠው እ.ኤ.አ. በ1864 ነበር። ስሙ ጸና፤ ነገሩ ግን ንጹሕ አልነበረም። በ1942 በሀንጋሪ፣ በሴንት-ጆርጂ ቤተ ሙከራ ይሠራ የነበረው ሽትራውብ አክቲን የተባለውን ፕሮቲን ለይቶ ሲያወጣ፣ ቀድሞ ማዮሲን ይባል የነበረው የሁለቱ ድብልቅ እንደ ነበረ ታወቀ። ከዚያ በፊት በ1939 የሶቪየት ተመራማሪዎቹ ኤንገልሃርትና ሊዩቢሞቫ ማዮሲን ኤቲፒን እንደሚሰብር አሳይተዋል። ይህም ማለት ማዮሲን የጡንቻው ማገር ብቻ ሳይሆን ነዳጅ የሚያቃጥል ሞተሩም ነው። በ1954 ደግሞ ሁለት ቡድኖች በአንድ መጽሔት፣ በአንድ እትም፣ ጡንቻ የሚያጥረው በውስጡ ያሉት ረቂቅ ዘንጎች እርስ በርስ ሲንሸራተቱ መሆኑን አስታወቁ። (በሁለቱም ቡድን ሐክስሊ የሚባል ሰው ነበር፤ ዝምድና ግን አልነበራቸውም።)

ለመሐንዲስ ይበልጥ የሚጥመው ባራኒ በ1967 ያሳተመው ውጤት ነው። ጡንቻ የሚኮማተርበት ፍጥነት ማዮሲኑ ኤቲፒን ከሚሰብርበት ፍጥነት ጋር እንደሚሄድ አሳየ። እንግዲህ የጡንቻን ጠባይ ለማወቅ የተገጠመለትን ሞተር ዓይነት መጠየቅ ግድ ሆነ። በእጅና በእግር ጡንቻዎች መልሱ ደኅና ነበር፤ ቀርፋፋና ፈጣን ተብሎ ተከፈለ። ወደ መንጋጋ ሲመጣ ግን ይህ ሥርዓት ፈረሰ። በ1981 በድመት የመንጋጋ ጡንቻ ውስጥ በእግር ጡንቻ የማይገኝ ማዮሲን ተገኘ። የሰውም የማኘኪያ ጡንቻ የራሱ እንግዳ ነገር አለው። አብዛኞቹ የአካል ጡንቻዎች ከልደት በኋላ የሚተዉትን የጽንስ ዘመን ማዮሲን በጉልምስናም ይዞ ይኖራል። ከዚህም በላይ የልብ ጡንቻ ይባል የነበረ ማዮሲን በውስጡ ተገኝቷል። በአንዲት ክር ውስጥ ሁለትና ሦስት ዓይነት ተደባልቀው የሚገኙበት ጊዜም ብዙ ነው።

በ2004 ስቴድማንና ባልደረቦቹ ሌላ ነገር አመጡ። በዝንጀሮ ዘመዶቻችን መንጋጋ የሚሠራ አንድ የማዮሲን ጂን በሰው ዘንድ ሁለት ፊደል ጎድሎበት ከሥራ ውጭ ሆኗል። ጉድለቱ የደረሰው ከ2.4 ሚሊዮን ዓመት በፊት እንደ ሆነ ገመቱ፤ መንጋጋ በመድከሙ የራስ ቅል ከጫና ተላቆ ለአንጎል ማደግ መንገድ ተከፈተ የሚል ሐሳብም አቀረቡ። ሐሳቡ ያማረ በመሆኑ በጋዜጦች ፈጥኖ ተሠራጨ። በዓመቱ ግን ሌሎች ተመራማሪዎች ረዘም ያለ የጂኑን ክፍል መርምረው ጉድለቱን ወደ 5.3 ሚሊዮን ዓመት ወሰዱት።

ሁለቱም ቁጥሮች ሐሳቡን ይፈትኑታል። 5.3 ትክክል ቢሆን፣ በ1974 ሐዳር ላይ የተገኘችው የ3.2 ሚሊዮን ዓመቷ ድንቅነሽ የተበላሸውን ጂን ይዛ ነበር ማለት ነው፤ መንጋጋዋ ግን ከባድ፣ አንጎሏም ትንሽ ነበር። 2.4 ቢሆን ደግሞ፣ በ2013 በአፋር፣ ሌዲ ገራሩ ላይ የተገኘው የ2.8 ሚሊዮን ዓመት የሆሞ መንጋጋ ጥርሶቹ ከጉድለቱ ቀድመው ቀጥነዋል። ደግሞስ ልዩ ልዩ ሞተሮች ሥራውን በሚጋሩበት ጡንቻ የአንዱ መጉደል ብቻውን ይህን ያህል ያደክማልን? የሌዲ ገራሩው ቅሪት ግን የግራው መንጋጋ ክፍል ብቻ ነው፤ የአንጎሉን መጠን የሚነግር የራስ ቅል አብሮት አልተገኘም።